ለብ ያለው ጠበል

ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.
ሲሼል ደሴት

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ አካለ ወልድ
ሞጣ

የሞጣው ጊዮርጊስ ጉባኤዎን ያስፋልዎ፣ ተማሪዎችዎን ያብዛልዎ እያልኩ ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታ አቀርባለሁ። እኔ የእህትዎ የሀብትነሽ ልጅ ከፋለ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ባለፈው ደብዳቤዎ «የሄድክበት አገር ሰው የሚኖርበት ነው ወይስ ዓሣ ብቻ?» ብለው ጠይቀውኛል። መጠየቅዎ ልክ ነው። እንግሊዟን እመቤቴን ተከትዬ በወጥ ቤትነት ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን የጻፍኩላችሁ ግን «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር። ዛሬ እመቤቴ ከተማ ወርዳለች፣ ወጡም እሳት ላይ ነው፣ ስለዚህ ልንገርዎ።

አገሩ በባሕር መካከል ያለ ደሴት ነው። የጣናን ደሴቶች አይተዋል፤ ይህም እንደዚያ ነው፣ ግን ውሃው ማዶ የለውም። ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይወጣና እስከ አናቱ ድረስ ደን ነው። ደኑ ውስጥ ቀረፋ ማንም ሳይዘራው እንደ ክትክታ ይበቅላል። እናቴ ከገበያ በቁንጥር የምትገዛውን ቀረፋ እዚህ ማገዶ ሲያደርጉት በዓይኔ አይቻለሁ። ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ጋቢ ሳይነካ ዓመቱን ሙሉ ይከርማል። አሸዋው ነጭ ነው፣ በወንፊት የተነፋ ዱቄት ይመስላል። ባሕሩ ጠዋት አረንጓዴ ሆኖ ይነጋና እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሲገቡበት ደግሞ ለብ ያለ ነው፣ ለሕፃን ገላ ማጠቢያ ያዘጋጁት ያህል።

እመቤቴ ባሕሩ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከፍታለች፤ ወጥ ቤቱ የእኔ ነው። ባለፈው ክረምት አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ተከፈተ ፈረንጁ መጉረፍ ጀምሯል። ከብርድ አገር ገርጥተው፣ ትከሻቸው ወድቆ ይመጣሉ። ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ። ጠዋት ልብሳቸውን አውልቀው ባሕሩ ውስጥ ይነከራሉ፣ ወጥተው አሸዋው ላይ ይጋደማሉ፣ ደግሞ ይነከራሉ። ሥራ አይሠሩም፣ ብዙም አይነጋገሩም። ሲመለሱ ግን ፊታቸው በርቶ ነው፤ የመጡትን ሰዎች አይመስሉም። ሲሄዱ የሚያለቅሱም አሉ።

የእናቴ ጉልበት እንዴት ሆነ? ያ ቁርጥማት ለቀቃት? ቢቸና ሲሄዱ ይህን ያንብቡላት። ሁልጊዜ ፊቷ ይመጣብኛል፤ አሁን አሁን ግን ፊቷ ያኔ የተለየኋት ጊዜ የነበረው ነው፣ የዛሬውን አላውቀውም።

ልጅዎ ከፋለ


ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ሞጣ

ለልጄ ለከፋለ

የእናቴ የልጅ ልጅ፣ ባሕር ያላሰጠመህ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ አለን። አዝመራው ደህና ነው፤ ከተማሪዎቼ ሁለቱ ተመርቀው ሄዱ፣ አንዱ ቅኔ እምቢ ብሎት ሱቅ ከፈተ።

ደብዳቤህን ይዤ ቢቸና እናትህ ዘንድ ሄድኩ። የንስሐ አባቷ ቄስ ወልደ ኪዳን ነበሩ፣ ጎረቤቷ ባንቺዓለምም ነበረች። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁሉንም አነበብኩ። ከዚያ እናትህ፣ «ታዲያ ይህ ጠበል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው?» አለች።

እኔም ነገሩን አገላብጬ አየሁት። ሰዎቹ ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ሲመጡ ገርጥተዋል። ልብሳቸውን አውልቀው ይነከራሉ፣ ወሬ አያበዙም፣ ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ። ቄስ ወልደ ኪዳን ደግሞ በጣታቸው ቆጥረው፣ «ሁለት ሳምንት ማለት እኮ ሁለት ሱባኤ ነው» አሉ። ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም።

ስለዚህ በሚከተለው ላይ ምላሽ ስጠኝ። ጠበሉ የፈለቀው በማን ስም ነው? አጥማቂው ማን ነው? ወንድና ሴት ለየብቻ ነው ወይስ እንደ አረመኔ ተቀላቅለው? እህል የሚቀመሰው ከመነከሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

የእናትህ ነገር እንዲህ ነው። ጉልበቷ ከመስቀል ወዲህ ብሶባታል። ቤተ ክርስቲያን መድረስ አቅቷት ደወል ሲደወል ግቢዋ ውስጥ በበትር ተደግፋ ቆማ ትሰግዳለች። ደብዳቤህን ከሰማች ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። «ልጄ ባለበት ቦታ ጠበል ካፈለቀልኝ፣ እግዚአብሔር ሁለቱን ባንድ ላይ ሰጠኝ ማለት ነው። ሄጄ ልጠመቅ፤ ልጄንም ሳላይ አልሙት» ትላለች። ጠበል የሚሄድን ሰው ማን ይከለክላል? ባል እንኳ ሚስቱን አይከለክልም፣ እንኳን ወንድም እህቱን። አገሩ ሁሉ አውቆላታል።

ቶሎ ጻፍ። ዐባይን የፈጠረ አምላክ ባሕርህን ይባርክልህ።

አጎትህ አካለ ወልድ


የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.
ሲሼል

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

ይህን የጾም ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ። እኔም እየጾምኩ ነው፤ ቄስ በሌለበት አገር ቀኑን የምቆጥረው ራሴ ነኝና ከተሳሳትኩ ይፍቱኝ።

ይህች ደሴት ለጾመኛ የተፈጠረች ናት። ኮኮነት የሚባል ዘንባባ መሳይ ዛፍ አለ፤ ፍሬው የሰው ራስ ያህላል። ሲሰብሩት ውስጡ ነጭ ነው፤ ነጩን ፈቅፍቀው በውሃ ሲጨምቁት ወተት ይወጣዋል። የላም ወተት ነው ብለው ቢምሉ ማንም አይከራከርዎትም። በዚህ ወተት ዱባ እሠራለሁ፣ ምስር እሠራለሁ፣ ሩዝ እቀቅላለሁ። ጾም ይገድፋል ወይስ አይገድፍም? ሊቁ እርስዎ ነዎትና ይፍረዱልኝ።

ደግሞ እዚህ የሚኖሩትን ኤሊዎች ቢያዩ። አንዱ በእመቤቴ ግቢ አለ፤ በሬ ያህላል፣ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይሄዳል። መቶ ዓመት አልፎታል ይላሉ። ጠዋት ወደ ወጥ ቤቴ ደጃፍ መጥቶ አንገቱን አስግጎ የሙዝ ልጣጭ ይጠብቃል። አልቸኩልም የሚል ፍጥረት እንደ እሱ አላየሁም። ሰዎቹም ከእሱ የተማሩ ይመስለኛል፤ መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ካዩ የሞተበት ነው ብለው ያዝናሉ።

እናቴን በጾሙ ራስሽ ላይ አትጨክኚ በሏት። ስለ ጠየቁኝ ነገር በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ።

ልጅዎ ከፋለ


መጋቢት ፳፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ሞጣ

ለከፋለ

ሰላም ላንተ ይሁን። የዛፍ ወተት ጾም አይገድፍም፤ ጡት ካለው እንስሳ አልወጣምና። ዳሩ ግን ከላም ወተት እኩል ከጣፈጠህ ጾምህ የቱ ላይ ነው? ይህንን አስብበት። እኔም አስቤበታለሁ፤ ደግሞም አምሮኛል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኤሊውን ወድጄዋለሁ። ለተማሪዎቼ ነግሬ ሦስት ቀን ቅኔ ተቆጠረበት።

ነገር ግን ልጄ፣ ስለ ጠበሉ ጠየቅሁህ፣ ስለ ዱባ መለስክልኝ። እናትህ በሶ አስፈጭታለች፣ ነጠላ አሸምናለች። ባንቺዓለም ለራሷ ውሃ ይምጣልኝ ብላ ጠርሙስ አጥባ አስቀምጣለች። ሌሎችም ጠርሙስ እያመጡ ነው፤ የእናትህ ጓዳ የጠርሙስ ነጋዴ ቤት መስሏል። የምትሰውረኝ ነገር ካለ ቁረጥና ንገረኝ።

አካለ ወልድ


ግንቦት 2 ቀን 1964 ዓ.ም.
ሲሼል

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ብዕር አንስቼ ብዙ ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። አሁን ግን ቁርጡን እጽፋለሁ።

ጠበል አይደለም። ባሕር ነው፣ ጨው የሆነ ባሕር። ማንም አላፈለቀው፣ አጥማቂም የለውም። ወንዱም ሴቱም ተቀላቅለው ነው የሚገቡት፤ የሚለብሱትን ለእርስዎ መጻፍ አልችልም። የሚመጡት ሰዎች አልታመሙም። ጤነኞች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ ከርመው የሚመጡት ለማረፍ ብቻ ነው። ይህንንም ሥራ ብለው ይዘውታል፤ ለዚህ የሚሆን ልብስ አላቸው፣ ሣጥን አላቸው፣ ለዚህ የምትታተም መጽሐፍም አለቻቸው።

መጀመሪያ «ጠበል ነው» ማለታችሁን ሳነብ ሳቅኩ። ቆይቶ እናቴ ግቢዋ ውስጥ በበትር ተደግፋ ቆማ ታየችኝና ሳቁ ጠፋ። አይደለም ብላት ተስፋዋን በእጄ እንደ መስበር ነው፤ ነው ብላት ደግሞ በእግዚአብሔር ስም መዋሸት ነው። ስለዚህ ስለ ዱባ ጻፍኩ። እኔ ወደ እናንተ እንዳልመጣ እመቤቴ አርጅታለች፣ ቤቱ ያለ እኔ አንድ ሳምንት አይቆምም፤ ከሄድኩ ሌላ ሰው ትቀጥራለች። እርስዎ ንግግር ያውቃሉ። ቀስ አድርገው ይንገሯት።

ልጅዎ ከፋለ


ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ሞጣ

ለልጄ ለከፋለ

የዘገየሁት በክረምቱ ነው ብልህ ግማሹ እውነት ነው። ከደጀን ወዲህ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ግማሹ ግን እኔ ነኝ።

ጤነኛ ሰው ለማረፍ ብቻ ባሕር ይሻገራል ያልከውን መጀመሪያ አላመንኩህም። በኋላ፣ ፈጣሪም ሥራውን ጨርሶ በሰባተኛው ቀን አርፎ የለም ወይ አልኩ። ሰንበት በቀን እንጂ በቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር። ለካ በቦታም አለ። እውነት ለመናገር ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ደግሜ አንብቤያለሁ፤ ስለ አሸዋው ያልከውን በተለይ።

እናትህን ልነግራት ቢቸና ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የአዲሱን ነጠላ ጥለት ትዳስስ ነበር። «አካሌ፣ ከፋለ ምን አለ?» አለችኝ። ንግግር ያውቃሉ ያልከኝ እኔ፣ ስንት ጉባኤ ላይ የቆምኩት እኔ፣ «ደህና ነኝ ብሏል» አልኳት። እሷም አንድ ጊዜ አየችኝና ደግማ አልጠየቀችም። ዳቦ ቆረሰችልኝ፣ በላሁ፣ ተመለስኩ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠበል አይደለም ብላት የምትሄድበት ምክንያት ያልቃል። የጎጃም ባላገር ሴት ባሕር ተሻግራ «ልጄን ልጠይቅ» ብትል «እሱ ይምጣ እንጂ አንቺ ምን ቆርጦሽ» ይሏታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር እላት ነበር። ስለዚህ እኔ አልነግራትም። አንተም አትንገር። ወይ አንተ ና፣ ወይ እሷን ውሰድ። ጉልበቷ ሌላ ክረምት የሚጠብቅ አይመስለኝም።

አጎትህ


ጥቅምት 5 ቀን 1965 ዓ.ም.
ሲሼል

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። የምጽፈው አጭር ነው። ለእመቤቴ ነገርኳት። እሷም ልጅ እያለች እናቷን ቀብራ ያደገች ናትና ሰማችኝና፣ ከባሕሩ በኩል ያለውን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እስከ ፋሲካችሁ የእናትህ ነው» አለች። ቤት ልሠራበት ያስቀመጥኩትን ለአውሮፕላኑ አድርጌዋለሁ። አዲስ አበባ ድረስ እርስዎ ያምጧት፤ ናይሮቢ ላይ እኔ እቀበላታለሁ። ጠበል አይደለም የሚለውን እዚህ ስትደርስ እኔው እነግራታለሁ፤ እርስዎን ከዚህ ሸክም ነጻ አድርጌዎታለሁ።

ልጅዎ ከፋለ


ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.
ሲሼል

ይድረስ ለወንድሜ ለአካለ ወልድ
ሞጣ

እኔ እህትህ ሀብትነሽ እናገራለሁ፣ ከፋለ ይጽፋል። አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስም ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። እንዴት ከረምክ? ብርዱ አልጎዳህም? እኔስ ብርድ የሚባለውን ረስቼዋለሁ።

በመጀመሪያ የመጣሁበትን ልንገርህ። አዲስ አበባ ፓስፖርት የሚሰጠው ጸሐፊ «እማማ፣ ለምን ይሄዳሉ?» ቢለኝ «ለጠበል» አልኩት። «እንግዲያው ለእኔም ይጸልዩልኝ» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። ዐባይን በድልድይ ስሻገር ትልቁን ውሃ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ከአውሮፕላኑ ሆኜ ባሕሩን ባየሁት ጊዜ ዐባይ ምስኪን ነው አልኩ።

ናይሮቢ ላይ አንድ ጎልማሳ ከሰው መሐል ሮጦ መጣና እግሬ ላይ ወደቀ። ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ቀና አድርጌ ባቅፈው ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። አካሌ፣ ያን ጊዜ ያለቀስኩትን ያህል አባቱ ሲሞትም አላለቀስኩም።

አገሩ እሱ ከጻፈው ይበልጣል። ልጄ ጽሑፍ ይሰስታል። በጥር ዝናብ ይዘንባል፣ ዘንቦም ወዲያው ፀሐይ ይወጣል፣ ማንም ለመጠለል አይሮጥም። ዛፉ ሁሉ ያፈራል። ኤሊውን አይቼዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት አብረን ቁጭ እንላለን፣ ሁለታችንም ጉልበታችን ያው ነውና። ያገሩ ሴቶች ሲያልፉ በቋንቋቸው ሰላምታ ይሰጡኛል፤ እኔም በቋንቋዬ እመርቃቸዋለሁ፣ አሜን ሲሉ ያወቁ ይመስላሉ።

የጥምቀት ዕለት ማለዳ ከፋለ እጄን ያዘኝና ባሕሩ ዳር አወረደኝ። አጠገቤ ተቀምጦ «እናቴ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አለ። ፊቱ ዓመድ መስሏል። «ይህ ጠበል አይደለም» አለኝ።

እኔም «አውቃለሁ» አልኩት።

(እዚህ ላይ ብዕሬ ቆሞ ነበር። ከፋለ)

ጻፍ ብዬሃለሁ። አካሌ፣ አንተም ስማ። እኔ ያወቅሁት ያኔውኑ፣ የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ስታነብልን ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው ብሎ ጽፏል። ፍል ውሃ ያቃጥላል፤ ጠበል ያንቀጠቅጣል፣ ሰው ይጮኽበታል። ለብ ብሎ የሚያባብል ጠበል ማን አየ? እናንተ ሊቆቹ ሱባኤ ስትቆጥሩ እኔ ይህን አሰብኩ፤ አስቤም «ጠበል ነው እንጂ» አልኩ። ልጄን ልይ ብላችሁ ታስቀሩኛላችሁ። ልረፍ ብላችሁ አበደች ትላላችሁ። ጠበል ስላችሁ ግን ስንቅ ቋጠራችሁልኝ። በነሐሴ አንተ ልትነግረኝ መጥተህ ዳቦ በልተህ ስትመለስ፣ አንተም እንዳወቅህ አወቅሁ። አንጀቴን በላኸው። እኔ እንደማላውቅ፣ አንተም እንደማታውቅ ሆነን ሁለታችንም ለአንድ መንገድ ስንቅ ቋጠርን።

ጠበሉን መናቄ አይደለም፤ አምናለሁ፣ ድኜበታለሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እጄን አጣጥፌ የዋልኩት መቼ ነው? አቦ ጠበል የሄድኩ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ ማን ፍጪ፣ ማን ለቃቅሚ ይለኛል? ከየአገሩ ከመጡት ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ስናወራ እንውል ነበር። ሴቱ ሁሉ ጠበል ሲባል ፊቱ የሚበራው ለምን ይመስልሃል? ሴት «ደከመኝ» ብትል የሚሰማት የለም፤ «አመመኝ» ማለት አለባት። እነዚህ ፈረንጆች ግን «ደከመን» ብለው ይመጣሉ፣ ማንም አይስቅባቸውም። እኔ ይህን አደነቅሁ፤ ከአውሮፕላኑም ከባሕሩም ይልቅ ይህን።

ከዚያ ቀሚሴን እንደ ለበስኩ ገባሁ። በስመ አብ ብዬ፣ ከፋለ ክንዴን ይዞኝ፣ እስከ ወገቤ። መሬቱ ሲለቀኝ ጉልበቴም ለቀቀኝ። ሕመሙ ጠፋ። ውሃው አንስቶ ያዘኝ፣ አካሌ፣ እኔ አንተን በጀርባዬ አዝዬ እንዳሳደግሁህ እኔንም አዘለኝ። ሳቄ መጣ፤ ልጄም ሳቀ። አጠገባችን አንዲት ያረጀች ፈረንጅ ነበረች፤ እጇን ዘረጋችልኝ፣ ተያይዘን ቆምን። አንዳችን የሌላችንን ቃል አናውቅም፣ ግን ጉልበቷ እንደሚያማት አውቄያለሁ።

ከውሃው ስወጣ ያው ያመኛል፤ አልዋሽህም። በማግስቱ ደግሜ ገባሁ። አሁን በየቀኑ ነው።

ለሆሳዕና እመለሳለሁ። ለባንቺዓለም ውሃ አልቀዳላትም፤ በእግዚአብሔር ስም ማንንም አላሞኝም። ቀረፋ አመጣላታለሁ፣ ለጠርሙሱ ሁሉ የሚበቃ። «ዳንሽ ወይ?» ሲሉኝ ደግሞ «ልጄን አይቼ፣ አርፌ መጣሁ» እላቸዋለሁ። ከሄድኩ በኋላ የሚከለክለኝ የለም።

እህትህ ሀብትነሽ


የካቲት ፲፮ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.
ሞጣ

ይድረስ ለእታለም ለሀብትነሽ

ሰላም ለኪ። ኪዳነ ምሕረት ከነልጅሽ ትጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት፤ በመጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ለብቻዬ ስቄ ተማሪዎቼ በር ላይ መጥተው አዩኝ። ዕድሜ ልኬን ሰምና ወርቅ ሳስተምር፣ ወርቁን በጓዳሽ ይዘሽ ዳቦ ቆረስሽልኝ። ጀርባሽ ላይ ስታዝይኝም እንዲሁ ሳታውቂ የቀረሽው ነገር አልነበረም።

የሆሳዕናውን መምጣትሽን ሰምቻለሁ። መቸኮል ግን አያስፈልግም፤ እስከ ፋሲካ ክፍሉ ያንቺ ነው ተብሏል። ቢቸና ያለውን ቤትሽን እኔ አየዋለሁ። ቄስ ወልደ ኪዳን «ሱባኤዋን ፈጸመች ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ «ደጋግማ» አልኳቸው።

ስለ እኔ ጤና ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነኝ። ብቻ ከሰሞኑ ጉልበቴን ይይዘኝ ጀምሯል። ከጉባኤ ስነሣ ድምፅ ያሰማል። ለተማሪዎቼም ነግሬያቸዋለሁ፤ እነሱም በጣም አዝነው «የኔታ፣ ጠበል ይሂዱ እንጂ» አሉኝ። ከፋለ የሚቀጥለውን በጋ ያስብበት፤ የዛፉ ወተት የሚጠጣው በጾም ወራት ብቻ እንዳይመስለው። ውሃው ለብ ያለ መሆኑን ግን፣ እታለም፣ እዚህ ስትመለሺ ለማንም አትንገሪ።

ወንድምሽ አካለ ወልድ